ማንጎ ለአዲስ አበባ ጓሮ?

ችግኝ ከመግዛትዎ በፊት የግቢዎን ከፍታ ይወቁ። ከፍታው በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በግምት 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀንሳል። ቆላ ላይ በፍሬ የሚጎብጠው ማንጎ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ብዙውን ጊዜ ቅጠል ብቻ ይዞ የሚቀረው ለዚህ ነው። ሻጩ ምንም ቢምል አይግዙት፤ ፓፓያም እንደዚያው።

ለደጋ ጓሮ ኮክ፣ ፕሪምና ጌሾ ይስማማሉ። አፕል ከፈለጉ ብዙ ብርድ የማይጠይቀውን አና የተባለውን ዝርያ ይምረጡ፤ ግን ብቻውን በደንብ ስለማያፈራ አጠገቡ ዶርሴት ጎልደን የተባለውን ሌላ የአፕል ዝርያ ይትከሉለት።

አቮካዶ አስቸጋሪ ነው። ለጋው ችግኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ይለበለባል። ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅተኛ ቦታ ስለሚወርድ ከግቢው ታች አይትከሉት፤ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ አጠገብ፣ ከግንቡ 4 ሜትር ያህል አርቀው ይትከሉ።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይበሰብሳል። ስለዚህ ጉድጓድ ከመቆፈር ይልቅ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ የአፈር ክምር ሠርተው እላዩ ላይ ይትከሉ። በነሐሴ ቅጠሉ ቢጫ ከሆነ አየር ያጣ ሥር ሊሆን ስለሚችል ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ መጀመሪያ ቦይ ቀደው ውሃውን ያውጡ።