40 የወንድ፣ 42 የሴት ጎሣ

ለትምህርት ህንድ አገር በቆየሁባቸው ዓመታት ዶርም አብሮኝ የኖረው ጓደኛዬ የዲማሳ ሕዝብ ተወላጅ ነበር። አገሩ በአሳም ግዛት፣ በዲማ ሃሳዎ ወረዳ፣ ሃፍሎንግ ከምትባለው የኮረብታ ከተማ አጠገብ ነው። «ዲ» ውሃ፣ «ማ» ታላቅ፣ «ሳ» ልጅ ማለት እንደሆነና የሕዝቡ ስም «የታላቁ ወንዝ ልጆች» ተብሎ እንደሚፈታ የነገረኝ በተዋወቅን ሰሞን ነው፤ ወንዙም ብራህማፑትራ ነው።

ዲማሳዎች በአንድ ወቅት የራሳቸው መንግሥት ነበራቸው። ዋና ከተማቸው ዲማፑር በ1536 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በአሳም ይገዙ በነበሩት በአሆሞች እጅ ስትወድቅ ነገሥታቱ ወደ ማይባንግ፣ ኋላም ወደ ካስፑር ተዛወሩ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጎቪንዳ ቻንድራ በ1830 ከተገደሉ በኋላም እንግሊዞች በ1832 ግዛታቸውን ያዙት። በዲማፑር የቀሩት፣ አናታቸው እንደ እንጉዳይ የከበበ የድንጋይ ዓምዶች ዛሬም ጎብኚ አላጡም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በሰው አፍ ብቻ የሚኖረው ቅርስ ነው።

ዲማሳዎች ዘር የሚቆጥሩት በሁለት በኩል ነው። «ሴንግፎንግ» የሚባሉ 40 የወንድ ጎሣዎች፣ ከእነርሱም ጎን 42 የሴት ጎሣዎች አሉ፤ ወንድ ልጅ የአባቱን፣ ሴት ልጅ የእናቷን ጎሣ ትይዛለች። ውርስም ይህንኑ መንገድ ተከትሎ የአባት ንብረት ለወንዶች፣ የእናት ጌጥና ልብስ ለሴቶች ይደርሳል፤ የጋራ የሆነውን የቤት ዕቃ ሁሉም ይካፈሉታል። ጋብቻ ሲታሰብ ሁለቱም መስመሮች ይጣራሉና፣ እስከ ሰባት ቤት ዘር ስንቆጥር ላደግን ለእኛ ነገሩ ባዕድ አይሆንብንም። ልዩነቱ፣ የወንዱ ጎሣ እንደ ቤተሰብ ስም በመታወቂያ ላይ ሳይቀር ሲጻፍ፣ የሴቷ ጎሣ ግን በአብዛኛው ያለው በእናቶችና በአያቶች ትውስታ ውስጥ መሆኑ ነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ዲማሳን አፍ መፍቻዬ ነው ያሉት ከ137 ሺህ ጥቂት የሚበልጡ ሰዎች ሲሆኑ፣ ዩኔስኮም ቋንቋውን ለመጥፋት ተጋላጭ ከሆኑት ጋር መዝግቦታል።

አዝመራ ከገባ በኋላ በሚከበረው የቡሹ በዓል ላይ «ክራም» የተባለው ከበሮና «ሙሪ» የተባለው የትንፋሽ መሣሪያ ከመድረክ ይሰማሉ። ከሩዝ የሚጠመቀው «ጁዲማ» ደግሞ በ2021 የመልክዓ ምድራዊ መለያ፣ ማለትም ስሙን ለአካባቢው ምርት ብቻ የሚያስከብር የሕግ ጥበቃ አግኝቷል፤ ለእኛ ጠላ ጌሾ እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ለጁዲማ «ቴምብራ» የተባለ የዱር ተክል ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ሆኖም ለመድረክ ተመጥኖ የሚቀርበው ዘፈን፣ ሩዝ ሲወቀጥ ወይም ልጅ ሲታዘል ከሚዜመው ጋር እኩል ነው ብዬ አላምንም።

ጓደኛዬ ለዕረፍት አገሩ በሄደበት ጊዜ የአያቱን ድምፅ በስልኩ ቀድቶ «አያት 1» የሚል ስም ብቻ ሰጥቶት ነበር። አያቱ በዓመቱ አረፉ። አንድ ማታ አብረን ስናዳምጠው ተራውን ንግግር ሁሉ ተረጎመልኝ፤ ዜማው ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ፤ ቃላቱን አያውቃቸውም። ከዚያ ወዲህ፣ ድምፅ የሚቀዳ ሁሉ ተናጋሪዋ የየትኛው መንደርና የየትኛው የእናት ጎሣ ልጅ እንደሆኑ፣ ዜማው በምን ሥራ ላይ እንደሚዜም፣ የከበዱት ቃላትም ምን ማለት እንደሆኑ እሳቸው በሕይወት ሳሉ ጠይቆ እዚያው አብሮ መመዝገብ አለበት እላለሁ።

በማግስቱ እናቱ ዘንድ ደውሎ ቅጂውን በስልክ አሰማቸው። እናቱ እያስቆሙ ቃል በቃል ፈቱለት፤ የሩዝ መውቀጫ ዜማ ነው፣ መጨረሻው ላይ የሚሰሙት ስሞችም የእናት መስመራቸው ሴቶች ናቸው አሉት። አራተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተለወጠ፤ ይህን ስም ከእናታቸው አፍ ሰምተውት እንደማያውቁ ነግረው እንዲደግምላቸው ጠየቁት። ሦስት ጊዜ ደገመላቸውና በደብተሩ ላይ ጻፈው።