ለሰው ስለት እልል ማለት

ውድ ወዳጆቼ፣ በሀገር ውስጥም በውጭም ያላችሁ ተከታዮቼ፣ እንኳን ለጌታችንና ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። የከተማችን ሰው ዓመቱን ሙሉ ሲመኘው የሚከርመው ቀዝቃዛ ነፋስ ሌሊት ሌሊት ይነፍሳል፤ ከኅዳር 15 ጀምሮ የያዝነው የነቢያት ጾም ሊፈታ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ በቀፊራ ገበያ ደግሞ የዶሮ ዋጋ እንደ ልማዱ አልቀመስ ብሏል። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን አጭር ምኞት ጽፌ አልፍ ነበር። ዘንድሮ ግን ረዘም ያለ፣ ትንሽም የሚያሳፍር ነገር ልነግራችሁ ወስኛለሁ፤ ነገሩ ስለ ቅናት ነው፣ ያውም ስለ ራሴ ቅናት።

አብሮ አደግ ጓደኛ አለኝ። አባቶቻችን የምድር ባቡር ሠራተኞች ስለ ነበሩ በአንድ ግቢ ተወልደን፣ ከአንድ ቧንቧ ጠጥተን፣ የባቡሩን ጡሩምባ እንደ ሰዓት እየቆጠርን አደግን። ትምህርት ስንጨርስ እኔ መምህር ሆንሁ፤ እርሱ ከጅቡቲ በሚገባ ዕቃ ንግድ ጀመረ። የዛሬ ሦስት ዓመት ሳቢያን በተባለው የከተማችን ሰፈር ቤት ሠርቶ ጨረሰና በጥቅምት ወር አንድ እሑድ ካህናት ጠርቶ፣ ጸበል አስረጭቶ፣ ወዳጅ ዘመዱን ሰበሰበ። ከሁሉ ቀድሞ የተጠራሁት እኔ ነበርሁ። «እንኳን ደስ ያለህ» አልሁት በስልክ፤ ቃሉ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ቤቱ እየተሠራ ሳለ በባጃጅ በዚያ ባለፍሁ ቁጥር «ዛሬስ አላይም» እያልሁ አይ ስለ ነበር፣ የግቢው በር ስንት ጊዜ ቀለም እንደ ተቀባ እንኳ ከባለቤቱ እኩል አውቅ ነበር።

እሑድ ጠዋት ለባብሼ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን ሳስር እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቀና ስል የኪራይ ቤታችን ኮርኒስ ላይ ክረምቱ ያፈሰሰው ውኃ ትቶት የሄደው ቡናማ ክብ ታየኝ፤ አከራያችን ባለፈው ወር የጨመሩብን ገንዘብም ትዝ አለኝ። ጫማዬን መልሼ አወለቅሁና «አሞኛል፣ ወባ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ተኛሁ። ድሬ ላይ ይህን ምክንያት የሚጠራጠር ሰው የለም። ባለቤቴ ግን እጇን ግንባሬ ላይ አሳርፋ ጥቂት ቆየችና «ትኩሳቱ የት ላይ ነው?» አለችኝ፤ መልሱንም ሳትጠብቅ ብቻዋን ሄደች።

ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በሩ ተንኳኳ። ጓደኛዬ ነው። እንግዶቹን ሸኝቶ፣ ለግብዣው የለበሰውን ነጭ ልብስ እንኳ ሳይቀይር፣ በአንድ እጁ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው ብርቱካን ይዞ ገባ። «አቦ፣ ምን ሆንህብኝ?» አለና ብርድ ልብሱን ገልጦ አስነሣኝ፤ ለካ ባጃጅ በር ላይ አቁሞ ኖሯል። ክሊኒክ ወሰደኝ። የላቦራቶሪዋ ልጅ ጣቴን ስትወጋኝ ዓይኑን የጨፈነው እርሱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ደም ማየት አይወድም። ደሜ ተመርምሮ ምንም አልተገኘበትም። «ተመስገን!» አለና ሒሳቡን ከራሱ ኪስ ከፈለ። ቤት ተመልሰን ምሳ ዕቃውን ስከፍት ፈረሰኛው ከነዕንቁላሉ ተቀምጧል። ለአባወራ የሚቀርበውን ብልት በገዛ ቤቱ ምርቃት ቀን ለእኔ አስቀርቶልኝ ነበር። እፊቴ ተቀምጦ «ብላ እንጂ» እያለ ያበላኝ ያ ዶሮ በጉሮሮዬ እንዴት እንደ ወረደ ባልነግራችሁ ይሻላል።

አማርኛችን ቅናትንና ምቀኝነትን ለያይቶ ማስቀመጡ ደግ አድርጓል። የሚቀና ሰው የሌላውን በጎ ነገር ለራሱም ይመኛል፤ ምቀኛ ግን ለራሱ ባያገኝም ሌላው እንዲያጣ ይሻል። እኔም በዚያች ሌሊት «ቀናሁ እንጂ አልተመቀኘሁም» እያልሁ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ነገር ግን ከግብዣው ሁለት ሳምንት በፊት የአዲሱ ቤት የውኃ መስመር ፈንድቶ ወለሉን አበላሸው ሲባል ስሰማ ውስጤ አንዳች ነገር ቀለል ሲለው ታዝቤዋለሁ፤ ያ ቀለል ማለት ደግሞ ስሙ ቅናት አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ ቅንዓት አጥንትን ያነቅዛል ይላል። ነቀዝ የገባበትን ማሽላ ያየ ሰው ቃሉ ለምን እንደ ተመረጠ ይገባዋል፤ ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ሙሉ ነው፣ በጣት ሲጫኑት ግን ዱቄት ሆኖ ይበናል። እኔም በትምህርት ቤትም በቤተ ክርስቲያንም ሙሉ መስዬ እታይ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ልጅ ሲወለድልን፣ ሥራ ስናገኝ፣ ጉዞ ሲሳካልን «ዓይን ይገባበታል» ብለን እንደብቃለን፤ «ከሰው ዓይን ሰውረኝ» ብለን እንጸልያለን። «የእኔን ዓይን ከሰው ላይ አንሣልኝ» ብሎ የሚጸልይ ግን እስካሁን አልገጠመኝም፣ እኔም ብዬው አላውቅም ነበር። ጌታ ግን በወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ የጠየቀው ስለዚያኛው ዓይን ነው። ማልደው የመጡት ሠራተኞች የተዋዋሉበትን አንድ ዲናር ሳይጎድል ተቀብለው ሳለ፣ በአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጡትም ያንኑ ስለ ተቀበሉ አጉረመረሙ፤ ባለቤቱም «እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» አለው። እውነቱን ለመናገር ይህ ምሳሌ ለረጅም ዘመን ያናድደኝ ነበር፤ ተማሪዎቼን እንዲህ ባርማቸው ወላጆቻቸው በማግሥቱ ቢሮ ይሞሉ ነበርና። ከዚያ እሑድ በኋላ መልሼ ሳነበው ግን ያላስተዋልሁትን አየሁ፤ ከማለዳዎቹ ሠራተኞች እጅ አንድም ሳንቲም አልወጣም። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የሚቀጥራቸው አጥተው በአደባባይ የቆሙት ሰዎች ያን ቀን ልጆቻቸውን አበሉ፣ ይኸው ነው።

አንዱ ሲያገኝ ሌላው የሚያጣበት ጊዜ የለም ወይ ብትሉኝ፣ አለ። ከተማችን ራሷ ምስክር ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር ሐረር ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ተራራውን መውጣት አስቸጋሪ በመሆኑ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረና በ1895 ዓ.ም. እኛ ጋ ደረሰ፤ ከተማዋም በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች። የጥንቷ ከተማ ንግድም ቀስ በቀስ ወደ ቆላው ወረደ። የሐረር ወዳጆቼ ይህን እያነሡ ሲቀልዱብን ነገሩ ሙሉ በሙሉ ቀልድ አይመስለኝም። ዛሬ የእነርሱ ጀጎል በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦ እንግዳ ይጎበኘዋል፤ እኛ ደግሞ የተመካንበት የድሮው ባቡር ቆሞ በሐዲዱ መካከል ሣር ሲበቅል አይተናል፤ ስለዚህ ሒሳቡን የሚዘጋው ማን እንደ ሆነ ለከተሞቹ እተወዋለሁ። የጓደኛዬ ቤት ግን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረበትም። ከዚያ ቤት ብሎኬቶች መካከል ከእኔ የተወሰደች አንዲትም አልነበረችም።

ለንስሐ አባቴ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ የውሸቱን ወባ ስነግራቸው ሳቃቸውን ለመደበቅ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። ከዚያም የጓደኛዬን የክርስትና ስም ጠየቁኝ። አላውቀውም። ከአርባ ዓመት በላይ አብሬው የኖርሁትን ሰው በምን ስም ለእግዚአብሔር እንደማቀርበው አላውቅም ነበር። «ጠይቀውና ለአርባ ቀን ከራስህ ስም አስቀድመህ ጥራው፤ ልብህ እስኪከተል አትጠብቅ» አሉኝ። ደወልሁለትና ጠየቅሁት። ለምን እንደ ፈለግሁት አልጠየቀኝም፤ «የአንተስ?» ብቻ አለኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከከንፈሬ በቀር የሚጸልይ የአካል ክፍል አልነበረኝም፤ «ባርከው» እያልሁ «ከዚህ በላይ ምን ይባረካል?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኝ ነበር። በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ግን ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ላይ ተይዞበት በየቀኑ ኪራይ እየቆጠረበት መሆኑን ሰማሁና ያን ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። የውኃ መስመሩ ፈነዳ ሲባል ቀለል ያለው ያው ልብ ነው። ድኛለሁ አልላችሁም፤ ዛሬም ቢሆን የበዓል ሰሞን ስልኬን ስከፍት የማውቃቸው ሰዎች አዲስ መኪናና የልጆቻቸው ምርቃት ፎቶ ሲደረደርብኝ ያ የድሮው ነቀዝ ይንቀሳቀሳል። ያን ጊዜ የሰውየውን የክርስትና ስም አስባለሁ፤ ካላወቅሁትም ደውዬ እጠይቃለሁ። አንዳንዶቻችሁ «ይህ ሰውዬ ስሜን ለምን ፈለገው?» ብላችሁ ከነበረ ምክንያቱ ይኸው ነው።

የልደትን ታሪክ በዚህ ዓይን ስናነበው የቀናና ያልቀና ሰው ጎን ለጎን ቆመው እናገኛለን። ሄሮድስ የሕፃኑን ልደት በሰማ ጊዜ ደነገጠ፤ ለሰብአ ሰገልም «እኔም መጥቼ እንድሰግድለት ንገሩኝ» አላቸው። ከአንገት በላይ የተባለ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ማለት ይህ ነው፤ እኔ በስልክ ያልሁትም የዚያ ታናሽ ወንድም ነበር። ኤልሳቤጥን ደግሞ ተመልከቱ። ለባሏ ለዘካርያስ በቤተ መቅደስ የተገለጠው መልአክ ገብርኤል እርሷ በፀነሰች በስድስተኛው ወር ወደ ወጣቷ ዘመዷ ሄዶ ከእርሷ የሚበልጥ ዜና አበሠረ። ዘመኗን ሁሉ መካን ስትባል የኖረች ሴት በስተርጅና ያገኘችው ደስታ ገና ሳይጠገብ የሌላይቱ ደስታ በለጠው። ድንግል ማርያም ተራራማውን አገር ወጥታ ከደጃፏ ስትደርስ ግን ኤልሳቤጥ አላኮረፈችም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ «በታላቅ ድምፅ ጮኻ» ይላል፣ የጌታዬ እናት ወደ እኔ ትመጣ ዘንድ እንዴት ይሆንልኛል አለች። ያን ታላቅ ድምፅ ባነበብሁ ቁጥር በጆሮዬ የሚሰማኝ እልልታ ነው። በማኅፀኗ የዘለለው ልጅ መጥምቁ ዮሐንስም አድጎ፣ ሕዝቡ ትቶት ወደ ክርስቶስ ሲሄድ ደቀ መዛሙርቱ ሲቆጩለት፣ «እርሱ ሊልቅ እኔ ግን ላንስ ያስፈልጋል» አለ። ከእናቱ የወረሰው ይመስለኛል።

እልልታውን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ባለፈው ታኅሣሥ 19 ከጓደኛዬ ጋር ቁልቢ ገብርኤል ነበርን። ራስ መኮንን ባሠሩት በዚያ ደብር በዓሉ ሲከበር ያላየ ሰው ካለ፣ ቦታው የሰው ሁሉ በረከት በአንድ ቀን የሚታይበት ነው፤ አንዱ ጃንጥላ፣ አንዱ ጧፍ፣ አንዱ በሬ ይዞ ይመጣል፤ ልጅ ተስላ ያገኘች እናት ሕፃኗን ለክርስትና ታቀርባለች፤ ስለቱ በድምፅ ማጉያ በተነገረ ቁጥር ሕዝቡ እልል ይላል። ስለቱ ላልደረሰለት ሰው ከዚህ የበለጠ የቅናት ፈተና ያለበት ቦታ ያለ አይመስለኝም። አጠገቤ የቆሙ አንዲት ሴት፣ ነጠላቸውን በብርዱ ምክንያት እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ፣ በእያንዳንዱ ስለት ከሁሉ አስቀድመው እልል ይሉ ስለ ነበር የእርሳቸውም የደረሰ መሰለኝና «እንኳን ደስ ያለዎት፣ እናቴ» አልኋቸው። «የእኔማ ገና ነው፤ ስመላለስ ሰባተኛ ዓመቴ ነው» አሉኝ። ምን እንደምል ጠፍቶኝ ዝም ስል «እስኪደርስ ድረስ አፌን ዘግቼ ልቁም እንዴ?» አሉና ወደ ድምፅ ማጉያው ዞሩ፤ ለአንዲት ሕፃን እናት እልል አሉ። ኤልሳቤጥ እንኳ የራሷን ይዛ ነበር።

በመልስ ጉዞ ደንገጎ ላይ መኪናው ቆሞ ሻይ ስንጠጣ፣ ከታች የድሬ መብራት እየታየ፣ ያን እሑድ ወባ እንዳልነበረብኝ ለጓደኛዬ ነገርሁት። ብርጭቆውን አስቀምጦ ረጅም ጊዜ አየኝ። «አውቄአለሁ፤ ባለቤትህ ግብዣው ላይ ዓይኔን ስትሸሽ ነው የገባኝ» አለ። «ታዲያ ለምን ክሊኒክ ወሰድኸኝ?» አልሁት። «ምናልባት ከታመምህስ ብዬ ነዋ!» አለና ሳቁን ለቀቀው። ከዚያም የምርመራውን ገንዘብ ከነወለዱ እንድመልስ ጠየቀኝ።

ገንዘቡን ገና አልመለስሁም። የዘንድሮው የልደት ዶሮ ግን በእኛ ቤት፣ በዚያው ውኃ በሚያፈስሰው ኮርኒስ ሥር ነው የሚቀርበው፤ ፈረሰኛው ለማን እንደሚቀመጥም ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ጨርሰናል። ለሁላችሁም መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ፤ የክርስትና ስማችሁንም ላኩልኝ።