የእማዬ ባት

ባለፈው አመት እማዬ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሮ እዚሁ ድሬ ኦፕራሲዮን ሆነች፣ ከከዚራም ከሳቢያንም ጠያቂው ሾርባ በፔርሙዝ ይዞ ይመጣና ሁሉም የሚላት አንድ ነው፣ "አይዞሽ፣ እንዳትነሺ፣ እረፊ"። እኛም እውነት መስሎን ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከአልጋ አላወረድናትም፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ፣ እሷ ደግሞ ሽንት እንዳይመላለስባት ውሃ ትቀንስ ነበር።

በአስረኛው ቀን ጋቢዋን ገለጥ ሳደርግ ግራ ባቷ ከቀኙ ወፍሯል፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ስነካው ይሞቃል። አክስቴ በዘይት ልሽላት ብላ እጇን ስትዘረጋ ነርሷ ሮጣ አስቆመቻት። እንዲህ ያበጠ እግር በፍፁም እንዳታሹ! የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ከገባ ሊገድል ይችላል። አልትራሳውንድ ስትነሳ እውነትም ደም ስሯ ውስጥ ደም ረግቷል፣ ለካ ሳይንቀሳቀሱ መተኛቱም የውሃ ማነሱም ለዚህ ያጋልጣል።

ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት መድሃኒቶች፣ ሄፓሪን ከዛ ዋርፋሪን ተጀመረላት፣ ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየው አይኤንአር የሚሉት የደም ምርመራ ከ2 እስከ 3 መሀል እንዲሆን ስንመላለስ ከረምን። ጎመን አንዴ በብዛት አንዴ ጭራሽ መተው መድሃኒቱን ያዛባዋል፣ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የህመም ማስታገሻ ደግሞ መድማትን ይጨምራል፣ ሀኪም ሳትጠይቁ እንዳትሰጡ።

የሚያንገበግበኝ መከላከል ይቻል የነበረ መሆኑ ነው። ሰው ሆስፒታል ስታስተኙ "ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው መርፌ ያስፈልጋታል ወይ?" ብላችሁ ሀኪሙን ጠይቁ፣ ከፈቀደ ቶሎ አስነሷት፣ ተኝታም ቢሆን ቁርጭምጭሚቷን ታንቀሳቅስ። ቤት ከገባች በኋላም እስከ 3 ወር ድረስ ስጋቱ አለ፣ ድንገት ትንፋሽ ካጠራት ወይ ደረቷን ከወጋት ጠዋት እስኪሆን አትጠብቁ፣ ያገኛችሁትን ባጃጅ ይዛችሁ ድንገተኛ ክፍል።