ባዶዋ ማክሮ

እሑድ ማታ ነው። ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ ዝናብ ደብድቦን ጫማዬ ገና አልደረቀም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳችኝን ነገር ሳልረሳት ልጻፋት።

የአክስቴ ልጅ እዚሁ አራት ኪሎ ካምፓስ ይማራል። ለራሴ መማሪያ ብዬ የጀመርኳትን ትንሽ ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ሰጥቼው እየነካካ ነው። ከርነል ስል አትሳቁብኝ። ስክሪን ላይ ሰላምታ ትጽፋለች፣ ኪቦርድ ታነባለች፣ አለቀ። እኔ ሊነክስ ላይ በጂሲሲ ነው የምሠራት፤ ጂሲሲ ኮምፓይለር ነው፣ የጻፍነውን ኮድ ማሽኑ ወደሚረዳው የሚተረጉም። የእሱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ ስለሆነ በማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ሞከራት። ኮምፓይል ሆነች። አንድም ዋርኒንግ የለም። ስትነሳ ግን ሰላምታዋን ጽፋ ወዲያው ሪስታርት። እንደገና ሰላምታ፣ እንደገና ሪስታርት።

"ኮዱን አልነካሁትም እኮ!" አለኝ በስልክ።

አላመንኩትም። የመጀመሪያውን ሌሊት የነካውን ስፈልግ አደርኩ። በሁለተኛው ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩን ከሥራው የሚያቋርጥ ጥሪ) የሚቀበለውን ኮድ መስመር በመስመር አየሁት፤ መሀል ላይ መብራት ሄደና ተኛሁ። በሦስተኛው ቢጨንቀኝ አንዲት ስትራክት (በአንድ የታሰሩ የዳታ ክፍሎች) ስንት ባይት እንደሆነች በእሱ ማሽን ላይ እንዲያትምልኝ ነገርኩት። 16 አለኝ። 10 ነበር መሆን ያለባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ64 ቢት ኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ የኢንተራፕት ሰንጠረዡ የት እንዳለ የምንነግረው በዚያች ስትራክት፣ በ10 ባይት ነው። ሁለቱ ባይት የሰንጠረዡ ልክ፣ ስምንቱ አድራሻው። ኮምፓይለር ግን ዝም ካሉት ስምንት ባይት የሆነን ነገር በስምንት የሚካፈል ቦታ ላይ ማስቀመጥ ይወዳል። ስለዚህ ከሁለቱ ባይት ቀጥሎ ስድስት ባይት ባዶ ቦታ ይተዋል። ፕሮሰሰሩ ይህን አያውቅም። ከሁለቱ ቀጥሎ ያሉትን ስምንት ባይት "አድራሻ ነው" ብሎ ያነባል። ያነበበው ስድስት ባይት ቆሻሻ፣ ከእውነተኛው አድራሻ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ባይት ብቻ ነው።  እዚያው ላይ ባይወድቅ እንኳ የመጀመሪያው ኢንተራፕት ሲመጣ ጉዱ ይፈላል። ሰንጠረዡን ሊፈልግ ይሄዳል፣ የለም። ስህተቱን ሊያሳውቅ ይሞክራል፣ ለእሱም ሰንጠረዥ ያስፈልጋል፣ የለም። ሦስተኛው ላይ ተስፋ ይቆርጥና ማሽኑን ሪስታርት ያደርጋል።

ይህ እንዳይሆን ስትራክቷ "ፓክድ" ትባላለች፤ ክፍተት አትተው ማለት ነው። ችግሩ፣ ጂሲሲና ማይክሮሶፍት ይህን የሚሉበት መንገድ አይገናኝም። እኔም እንደ ማንኛውም ሰው ማክሮ (ኮምፓይል ከመሆኑ በፊት በሌላ ጽሑፍ የሚተካ ስም) ሠራሁላት። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ከሆነ የጂሲሲን ቃል ተካ። ካልሆነ? ካልሆነ ባዶ። ያቺን ባዶ መስመር እኔው ነኝ የጻፍኳት። ለምን እንደሆነም ትዝ ይለኛል፤ "ለጊዜው ስህተት እንዳታወጣ" ብዬ ነው። ልጁን ሦስት ቀን ስጠረጥረው የከረምኩት በራሴ "ለጊዜው" ነው።

ባዶ ማክሮ ሁሉ መጥፎ አይደለም እኮ። ለምሳሌ ሊነክስ ውስጥ "ላይክሊ" እና "አንላይክሊ" አሉ። ይህ ሁኔታ ብዙ ጊዜ ይሆናል፣ ያኛው እምብዛም አይሆንም ብለው ለኮምፓይለሩ ሹክ የሚሉ ናቸው። ባዶ ብታደርጋቸው ኮዱ ትንሽ ቢዘገይ ነው እንጂ ሥራው ያው ነው። ፓክድ ግን ሹክሹክታ አይደለም፤ ከሃርድዌሩ ጋር የተገባ ውል ነው። እኔ ሁለቱንም በአንድ ፋይል፣ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ፣ ጎን ለጎን ደርድሬያቸው ነበር። ለዓይን ያምራል። ልዩነቱን ግን ደብቆታል።

ፋይሉን ከከፈትኩ አይቀር ሌላም የራሴ ጉድ አገኘሁ። ክላንግ የሚባለውን ኮምፓይለር "ማን ነህ?" ብትሉት "ጂሲሲ 4.2.1 ነኝ" ነው የሚለው። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጂሲሲ ማለት ነው። ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ ለጂሲሲ የተጻፈ ኮድ እንዳያባርረው ነው። እኔ ደግሞ አንዱ ቦታ ላይ "ጂሲሲ 7 እና ከዚያ በላይ ከሆነ" ብዬ ጽፌያለሁ። አዲሱ ክላንግ የምፈልገውን ነገር ይችላል፤ 4 ነኝ ስላለ ብቻ በሩ ላይ ቀረ።

ረዳቱ "ፒያሳ! ፒያሳ!" ብሎ ጭኖ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ "ወራጅ" የሚል ታክሲ ስንቴ ገጥሞኛል። አሁን ሳልገባ "ጊዮርጊስ ድረስ ትሄዳለህ?" እላለሁ። ኮምፓይለርንም እንዲህ መጠየቅ ይቻላል። "ሃዝ አትሪቢዩት" የምትባል ጥያቄ አለች (አትሪቢዩት እንደ ፓክድ ያለ ለኮምፓይለሩ የሚሰጥ ምልክት ነው)፤ ጂሲሲ ከ5ኛው ቅጂ ጀምሮ ይመልሳታል፣ ክላንግም ይመልሳታል። ስምህ ማን ነው፣ ቁጥርህ ስንት ነው የለም። ይህን ትችላለህ ወይስ አትችልም ብቻ።

የሊነክስ ሰዎች ይህን ሁሉ አይተውታል። በ2018 እ.ኤ.አ. እነዚህን አትሪቢዩቶች ለብቻቸው ወደ አንድ ሄደር (ሌሎች ፋይሎች የሚጋሩት) ፋይል ሰበሰቧቸው፤ ሁሉም ኮምፓይለር የማይደግፋቸው ላይ "አማራጭ ነው" የሚል ኮመንት አለ። ኮምፓይለሩን በሚለየው ፋይል ደግሞ መጀመሪያ ክላንግ ነህ ወይ ይላል፣ ቀጥሎ ጂሲሲ። ቅደም ተከተሉ የግድ ነው፤ ጂሲሲን ካስቀደሙ ክላንግም "አቤት" ይላላ! ሁለቱንም ካልሆነስ? ባዶ የለም። "የማይታወቅ ኮምፓይለር" ብሎ እዚያው ያቆማል። ይህን ፋይል ከዚህ በፊትም አንብቤዋለሁ። ያቺን የመጨረሻ መስመር ግን እንደ ጌጥ ነበር ያየኋት።

ዛሬ ከልጁ ጋር ተገናኘን። ፒያሳ የለመድናት ማኪያቶ ቤት ከፈረሰች ወዲህ አራት ኪሎ ነው የምንቀመጠው። መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅኩት። "ችግር የለም፣ ማኪያቶው ባንተ ነው" አለ።

ማይክሮሶፍት ጋ ፓክድ አንድ ቃል አይደለም። ከስትራክቷ በፊት ይከፈታል፣ ከኋላዋ ይዘጋል። ስለዚህ የድሮዋ ማክሮ አትበቃም፤ ስትራክቷን ሙሉ በሙሉ የምታቅፍ ሌላ መሥራት አለብን። እሷን ከመንካታችን በፊት ግን ባይታቸው የግድ ልክ መሆን ያለበትን ስትራክቶች በሙሉ ለቅመን ከእያንዳንዷ ሥር አንድ ስታቲክ አሰርት ጻፍን። ይህች 10 ካልሆነች ኮምፓይል አታድርግ፣ ያቺ 36 ካልሆነች ኮምፓይል አታድርግ።

ልጁ ኮምፓይል አለው። ሁለት ቀይ መስመር። አንደኛዋን ጠብቀናታል። ሁለተኛዋ የኤሲፒአይ (ማሽኑ ስለ ሃርድዌሩ ለኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሚነግርባቸውን) ሰንጠረዦች መነሻ የምትጠቁመው ናት፤ 36 መሆን ሲገባት 40። የስትራክቷን ባይቶች ደምረን ነው ትክክለኛነቷን የምናረጋግጠው፤ ቼክሰም ይባላል። አራት ባይት ትርፍ ከተደመረ ድምሩ በምን ዕድሉ ይገጥማል?

"ቆይ፣ ይቺ እኮ ቼክሰም አላት። እንዴት አለፈችህ?" አልኩት።

ማኪያቶውን ማማሰል ጀመረ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

"እሱን መስመር..." አለ፣ "እሱን እንኳን ኮመንት አድርጌ አጥፍቼዋለሁ። ለጊዜው ብዬ።"