«አልፈቅድም» የሚለው ቁልፍ ምን ይሠራል?

ለግል ድረ ገጼ የኩኪ (ድረ ገጽ በጎብኚው ብራውዘር ላይ የሚያኖረው ትንሽ የመረጃ ቁራጭ) ፈቃድ መጠየቂያ ባነር ለመሥራት ስነሣ ሥራው ከግማሽ ቀን የሚያልፍ አልመሰለኝም ነበር። ከገጹ ግርጌ ብቅ የሚል ሳጥን፣ ሁለት ቁልፎችና ከገጹ ቀለም ጋር የሚስማማ መደብ አዘጋጀሁ፤ የጎብኚው ምርጫ እንዲቀመጥ አደረግሁና ሥራዬን ጨረስኩ። ከሳምንት በኋላ ግን የብራውዘሩን የገንቢዎች መሣሪያ ከፍቼ የኩኪዎቹን ዝርዝር ስመለከት፣ ምንም ቁልፍ ሳልነካ የጎብኚ መቁጠሪያው አገልግሎትም፣ ከሌላ ድረ ገጽ አምጥቼ ያስገባሁት ቪዲዮም ኩኪዎቻቸውን አስቀድመው አኑረው አገኘኋቸው። «አልፈቅድም» የሚለውን ነክቼ ገጹን እንደገና ስከፍትም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ባነሬ ፈቃድ ይጠይቅ የነበረው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር።

ብራውዘር የገጹን ኮድ ሲያነብ ያገኘውን ስክሪፕት (በብራውዘሩ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ሁሉ ያስኬዳል፤ ባነሩም ከእነዚህ ስክሪፕቶች አንዱ እንጂ የሌሎቹ በረኛ አይደለም። በረኛ እንዲሆን ከተፈለገ ፈቃድ የሚያስፈልጋቸው ስክሪፕቶች ገና ሲጻፉ ዓይነታቸው ጃቫስክሪፕት (ስክሪፕቶች የሚጻፉበት ቋንቋ) ሳይሆን ተራ ጽሑፍ ተብሎ መመዝገብ አለበት፤ ብራውዘሩ እንዲህ የተመዘገበውን አያስኬደውም። ጎብኚው ሲፈቅድ የባነሩ ኮድ ይቀሰቅሳቸዋል። እዚህ ላይ አንድ ምሽት ሙሉ የፈጀብኝን ነገር ልናገር፦ የተኛውን ስክሪፕት ዓይነት ወደ ጃቫስክሪፕት መለወጥ ብቻውን አያስነሣውም፤ አዲስ የስክሪፕት ኤለመንት ሠርቶ በአሮጌው ቦታ መተካት ያስፈልጋል። ለቪዲዮው ደግሞ እውነተኛ አድራሻውን በሌላ መለያ ሥር ሸሽጌ፣ በቦታው አንድ ሥዕልና «ቪዲዮውን ክፈት» የሚል ቁልፍ አኖርሁ። ሥዕሉ የሚመጣው ከራሴ ሰርቨር ነው፤ ከቪዲዮው ባለቤት ሰርቨር ቢመጣ ኖሮ የጎብኚው የአይፒ አድራሻ ገና ሳይፈቅድ ወደዚያው ይሄድ ነበር።

ፈቃድ ቀድሞ መምጣት እንዳለበት የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ካስቀመጠው ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣውና በ2009 የተሻሻለው የኤሌክትሮኒክ ግላዊነት መመሪያ፣ ጎብኚው ለጠየቀው አገልግሎት የግድ ካላስፈለገ በቀር፣ በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ መረጃ ከማኖር ወይም ከዚያ ከማንበብ በፊት ፈቃድ እንዲገኝ ያዝዛል። መመሪያው ስለ መረጃ እንጂ ስለ ኩኪ ብቻ ስለማይናገር፣ የጎብኚውን መለያ ቁጥር ከኩኪ አውጥቶ ወደ ሎካል ስቶሬጅ፣ ማለትም ወደ ብራውዘሩ ሌላ የመረጃ ማከማቻ፣ ማዛወር ማምለጫ አይሆንም፤ እኔም ለጥቂት ቀናት ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ሞክሬው ነበር። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ፈቃዱ በነጻነትና በግልጽ የተሰጠ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ የኅብረቱ ፍርድ ቤትም በጥቅምት 2019 ቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ ወስኗል።

ባነሩን እንደ ፍላጎት ማስተካከል ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ቀለሙን፣ ቅርጹንና ቦታውን ነው። እነዚህን እንደ ወደዱ ማድረግ ይቻላል። እኔ ለማንም እንዲስተካከል የማልተወው የእምቢታውን ቁልፍ መጠንና ቦታ ነው፤ «ሁሉንም እፈቅዳለሁ» በደማቅ ቀለም ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ እምቢታው ግን «ቅንብሮች» ከሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ጀርባ ሲደበቅ ጎብኚው የሚመርጠው ስለ ፈቀደ ሳይሆን ስለ ታከተ ነው። የፈረንሳይ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በጥር 2022 መጀመሪያ ጉግልን 150 ሚሊዮን ዩሮ፣ ፌስቡክን 60 ሚሊዮን ዩሮ መቅጣቱን ያስታወቀው እምቢ ማለትን እንደ መፍቀድ ቀላል ስላላደረጉ ነበር።

በምድቦቹ ላይም ቁጠባ ይበጃል። የተዘጋጁ ባነሮች «አስፈላጊ»፣ «ምርጫዎች»፣ «ስታቲስቲክስ»፣ «ማስታወቂያ» የሚሉ አራት ምድቦች ይዘው ይመጣሉ፤ ማስታወቂያ የሌለው ድረ ገጽ ስለ ማስታወቂያ ለምን ይጠይቃል? «አስፈላጊ» የሚለው ምድብም የመግቢያ ክፍለ ጊዜን፣ የግዢ ቅርጫትንና የፈቃዱን ምርጫ ራሱን ለሚይዙ ኩኪዎች ይበቃል። የጎብኚ ቁጥር ለእኔ ቢያስፈልገኝም ለጎብኚው የግድ ስላልሆነ ከዚያ አይገባም።

ምርጫውን ስመዘግብ ቀኑንና የምድቦቹን ዝርዝር ሥሪት ቁጥር አብሬ አስቀምጣለሁ፤ አዲስ አገልግሎት ስጨምር ቁጥሩ ይለወጥና ጎብኚው እንደገና ይጠየቃል። የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ በጃቫስክሪፕት የተጻፈን ኩኪ ከ7 ቀን በላይ ስለማያቆይ፣ የፈቃዱን ኩኪ እንዲጽፍ ያደረግሁት ሰርቨሩን ነው፤ አለዚያ በየሁለት ሳምንቱ የሚመለስ ሰው በመጣ ቁጥር ያንኑ ጥያቄ ያገኛል።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ፈቃድን መሻር ነው። በየገጹ ግርጌ «የኩኪ ምርጫዬ» የሚል ማስፈንጠሪያ ማኖር ቀላል ነው፤ ነገር ግን አንዴ የተነሣ ስክሪፕት ከማኅደረ ትውስታ ስለማይወጣ ገጹ እንደገና መጫን አለበት። የራሴን ኩኪዎች ለማጥፋት የተጻፉበትን የጎራ ስም (የድረ ገጹን አድራሻ) እና ዱካ (በድረ ገጹ ውስጥ ያለውን ቦታ) በትክክል መጥራት አለብኝ፤ በሌላ ጎራ ስም የተቀመጡትን ግን የእኔ ኮድ ሊደርስባቸው አይችልም። ይህን ካየሁ በኋላ የጎብኚ መቁጠሪያውን ጨርሶ አውጥቼ የሰርቨሩን መዝገብ ማንበብ ጀመርኩ። ቁጥሮቹ እንደ በፊቱ ዝርዝር አይደሉም፤ ለምፈልገው ግን ይበቁኛል። የቀረው ቪዲዮው ብቻ በመሆኑ ጥያቄው ከቪዲዮው ሥዕል ላይ ይወጣል፤ ሌሎቹ ገጾች ያለ ባነር ይከፈታሉ።