ሐረናን ከላይ ወደ ታች

ባሌ ተራሮች ላይ ያለውን ሐረና ደን ማየት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ ከላይ ጀምሩ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። አብዛኛው መንገደኛ ጠዋት ከጎባ ይነሳል፣ የሰነቴን አምባ በመኪና ያቋርጣል፣ ደኑን በመስኮት እያየ ይወርድና ደሎ መና ላይ ምሳውን ይበላል። መንገዱ ያምራል፣ አይካድም። ግን እንደዚያ ከታየ ሐረና አንድ ረጅም አረንጓዴ ነገር ሆኖ ያልቃል። እኔ ከፊሉን በእግር፣ ከፊሉን ባገኘሁት መኪና፣ በየከፍታው እያደርኩ ነው የወረድኩት።

ዝግጅቱ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ዲንሾ ላይ ነው፤ የመግቢያ ጉዳይ እዚያ ያልቃል። ለእግረኛ በጋው ይሻላል። ሰነቴ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ታች ደግሞ ላብ በላብ ያደርጋል፤ ስለዚህ ጋቢም ቲሸርትም ያዙ። አስጎብኚ ላይ ግን ችኮላ አያስፈልግም። እንግሊዝኛ አቀላጥፎ የሚናገረውን ሳይሆን ደኑ ውስጥ ያደገውን ፈልጉ። የእኔው የሪራ ልጅ ነበር። ሪራ ደኑ መሀል ያለች መንደር ናት። ልጅ ሆኖ ከብት ሲጠብቅ ስላደገ፣ ለእሱ እያንዳንዱ ጥግ ታሪክ አለው።

ሰነቴ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። የቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ሆኖ ከጎን ይታያል። ዛፍ የሚባል የለም። ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም ብቻውን ቆሟል፤ ቀይ ቀበሮ ደግሞ ፍልፈል አድፍጦ ይጠብቃል። ከዚያ በደቡብ በኩል መሬቱ ድንገት ያልቃል። ከእግራችሁ በታች ደመና ነው። ደኑ ያለው ከደመናው ስር ነው፤ እስከ 1,500 ሜትር ገደማ ድረስ ይወርዳል። አንድ ቁልቁለት ላይ ከውርጭ እስከ ቡና ማለት ነው። ከታች የጀመረ ሰው ይህን አያገኝም። ከላይ የመጣ ግን ባዶውን ስላየ፣ የመጀመሪያዋን ዛፍ በደንብ ያያታል።

የመጀመሪያዋ አስታ ናት። ሌላ ቦታ ቁጥቋጦ ሆና የማውቃት አስታ እዚህ ወፍራም ግንድ አውጥታ፣ ተጣማ፣ የዛፍ ሽበት ከየቅርንጫፏ ተንጠልጥሎባት ቆማለች። ጉሙ ገባ፣ ወጣ። ዝናብ አልነበረም፤ ከዛፎቹ ስር ግን ይንጠባጠባል። ወጣ ብዬ ሜዳው ላይ ቆምኩ፣ ደረቅ ነው። ተመልሼ ገባሁ፣ አንገቴ ውስጥ ጠብ አለ። ጉሙ ደቃቅ ቅጠሎቿና ሽበቱ ላይ እየተያዘ፣ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ሐረና ውስጥ የሚያልፈው የወልመል ወንዝ ወደ ገናሌ ይገባል፤ ገናሌ ደግሞ ሶማሊያ ሲደርስ ጁባ ይባላል። በካርታ ላይ ሳየው ተራ መስመር ነበር። አንገቴ ከራሰ በኋላ ሌላ ነገር ሆነብኝ።

አንዳንዱ ቦታ አስታው ተቃጥሎ ጥቁር እንጨት ብቻ ቀርቷል። እረኞች ለከብት ለምለም ሣር እንዲወጣ እሳት ይለቁበታል። አስጎብኚዬ ግንዱ ስር ያለውን አመድ በጫማው ገፋ አደረገና አዲስ ቀንበጥ አሳየኝ። አስታ ከሥሯ መልሳ ትበቅላለች። ቶሎ ቶሎ ከተቃጠለች ግን ዳግም ዛፍ ለመሆን ጊዜ አታገኝም።

እዚያው እርጥበቱ ውስጥ ማመን ያቃተኝ ፍጡር አለች። ባሌ ላይ ብቻ የምትገኝ አንዲት ትንሽ የእንቁራሪት ዘር እንቁላሏን ውሃ ውስጥ አትጥልም። እርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች፣ ልጆቿም እዚያው ያድጋሉ። ትምህርት ቤት የተማርነው የእንቁራሪት ሥዕል ላይ ኩሬ ነበር። እዚህ ኩሬው ቀርቷል።

ከአስታው በታች ኮሶ ይመጣል። ቅርፊቱ እየተላጠ፣ ግንዱ ቀላ ብሎ፣ አበባው በዘለላ ተንዠርጎ። ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ዛፍ ናቸው። አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ከበሉ በኋላ አፍንጫቸውን ይዘው የሚጠጡት የሴቷ አበባ ነው። ለእኔ ኮሶ እስከዚያ ቀን ድረስ መራራ ነገር መጥሪያ እንጂ ከስሩ ቁጭ የሚባልበት ዛፍ አልነበረም።

ስለ መቀመጥ ካነሳሁ፣ ከጉዞው ሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሰው ደን ሲገባ መሄድ ይወዳል። ሲሄድ ደግሞ ደኑ ዝም ይላል። አስጎብኚዬ መጀመሪያ ቀን ላይ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ እየሄድን የምናየው ጭራ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያየሁት ሁሉ እየሸሸ ነበር። ከዚያ በኋላ ዘዴውን ለወጥን። ሰፊ ግንድ እንመርጣለን፣ ጀርባ እንሰጠዋለን፣ ወሬ እናቆማለን። ስልክ ኪስ ውስጥ ይቀራል፤ ኔትወርክ እንደሆነ የለም። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይከብዳሉ፣ ጉንዳን ይመጣል፣ እግር ይደነዝዛል። ሩብ ሰዓት ገደማ ሲሆን ወፎቹ ይጀምራሉ። ቆየት ሲል ቅጠል ይንኮሻኮሻል። አንድ ጊዜ የምኒልክ ድኩላ በጣም ቅርብ አለፈ። እኛን አይቶ ቆመ፣ ተመለከተን፣ ሳይቸኩል ሄደ።

ቀርከሃው ውስጥ ደግሞ ብርሃኑ ራሱ ይቀየራል። ግራም ቀኝም ያው ነው፤ ሐረና ውስጥ መንገድ ቢጠፋኝ ኖሮ የሚጠፋኝ እዚያ ነበር። የባሌ ጦጣ የሚባለው እንስሳ ዋና ምግቡ የቀርከሃ ቅጠል ነው፤ ቀርከሃው ሲመነጠር አብሮ ይጎዳል። የደጋ ቀርከሃ ነገር ግራ ያጋባል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ሳያብብ ይቆያል፣ ከዚያ አካባቢው በሙሉ አንድ ላይ ያብብና ይደርቃል። ማን ቀጠሮ ሰጠው? አስጎብኚዬን ጠየቅሁት፤ ሳቀ።

ሌሊቱን ብዙ አልተርክም። ሐረና ውስጥ አንበሳም፣ ነብርም፣ ተኩላም አለ። እኔ የሰማሁት ጅብ ነው። ድንኳን ውስጥ ሆኖ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ቅርብ ይመስላል፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ለእንቅልፍ ይረዳል። ንጋት ላይ ግን ከባድ ጩኸት ቀሰቀሰኝ። አሮጌ ሞተር ብስክሌት አልነሳ ብሎ የሚያጓራ መሰለኝ። ጉሬዛዎች ናቸው፤ አንዱ መንጋ ሲጀምር ሌላው ከማዶ ይመልሳል። እንዲያ ያማረ ነጭና ጥቁር ካባ የለበሰ እንስሳ እንዲያ ያለ ድምፅ ያወጣል ብሎ ማን ይገምታል!

ከዚያ ወዲያ ዛፎቹ ይረዝማሉ። ዝግባው፣ ዋንዛው፣ ሐረጉ። አንድ ቦታ ሌላ ዛፍ ላይ የበቀለ የሾላ ዘር አየሁ። ወፍ ፍሬውን ከላይ ጥላው፣ ሥሩን ቁልቁል ልኮ፣ ተሸካሚውን ዛፍ ዙሪያውን አንቆ ገድሎታል። መሀሉ ባዶ ሆኖ ቀርቷል፤ እጅ ያስገባል። ከፍ ባሉት ዛፎች ላይ ቀፎዎች ተሰቅለዋል። ባለቤቶቹ በገመድ ነው የሚወጡት። እኔ ቀና ብዬ ሳይ ብቻ ራሴን አዞረኝ።

በመጨረሻ የደን ቡናው ይመጣል። ይኼኛው ማንም ያልተከለው፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ስር በራሱ የበቀለ ቡና ነው። ቦታው ሁሉ ንጹህና ገለጥ ያለ ነው፤ በእግር ለመሄድም ይመቻል። ፎቶ ለማንሳት ከሐረና ሁሉ የሚያምረው ይህ ነው። ከላይ ጀምሮ ቁጭ ማለት ለምጄ ስለነበር ግን እዚህም ተቀመጥኩ፣ መሬት መሬቱን አየሁ። ቡና አለ፣ ግዙፍ ዛፍ አለ፤ መሀከለኛ የለም። የጉልበት ቁመት ያለው ዝግባ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ቡናው አየር እንዲያገኝ በየዓመቱ ስሩ ይመነጠራል፣ የዛፎቹም ችግኝ አብሮ ይሄዳል። ከላይ ሲታይ ደን ነው፤ ከታች ወራሽ የለውም።

ቡናውን የሚለቅሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። «አባባ፣ ሲመነጥሩ የሚተዉት ችግኝ አለ?» አልኳቸው። ዋንዛ እንደሚተዉ ነገሩኝ፤ ጥላው ለቡና ይስማማል፣ እንጨቱም ይሸጣል። ሌላውስ? ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና፣ «ሁሉንም ካሳደግሁ ቡናው የት ይቀመጣል?» አሉኝ። በእጄ የያዝኩት ሲኒ የእሳቸው ቡና ነበር፤ ስለ ደን ጥበቃ ንግግር ለማድረግ የሚመች ሰዓት አልነበረም። ለደን ቡናቸው ከሌላው የተለየ ዋጋ ያገኙ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኋቸው። አያገኙም።