ሎክስሊ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ይብቃው

ስለ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድንና ስለ አሰልጣኙ ማይክ ሎክስሊ ነው የማወራው። አዎ፣ ሄልሜት የሚደረግበት ፉትቦል። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ያለን አበሾች ቅዳሜ ጠዋት ዓይናችን ፕሪምየር ሊግ ላይ ነው፣ አውቃለሁ። ዩኒቨርሲቲው ያለባት ኮሌጅ ፓርክ ግን ቅርባችን ናት፣ እኔን ደግሞ ይሄ ነገር አንዴ ይዞኛል፣ አለቅም አለኝ።

በ2025 የመጀመሪያዎቹን 4 ጨዋታዎች አሸነፉ። ዊስኮንሲንን በገዛ ሜዳው 27 ለ 10! ከዚያ የቀሩትን 8 ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፉ። በሙሉ። ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያደረጉት እስካሁን ያበግነኛል፤ በሜዳችን፣ በሁለተኛው አጋማሽ 20 ለ 0 እየመራን፣ ተጋጣሚው ቀስ እያለ 24 ነጥብ ሲቆጥር እኛ አንዲት ነጥብ ሳንጨምር 24 ለ 20 ተሸንፈን ወጣን። በሳምንቱ ነብራስካ 34 ለ 31። ቀጥሎ የካሊፎርኒያው ዩሲኤልኤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ፊልድ ጎል (በእግር ተመትቶ 3 ነጥብ የሚያስገኝ ኳስ) መትቶ 20 ለ 17። ሦስቱም በእጃችን የነበሩ ጨዋታዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ጨዋታ አንዴ ብትሸነፍ ዕድል ነው ትላለህ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከሆነ ግን አሰልጣኙን ነው የምጠይቀው።

ደግሞ የ2025 ብቻ ቢሆን ባልተናገርኩ። በ2021ም 4 ለ 0 (4 አሸንፈው፣ አንድም ሳይሸነፉ) ጀምረው ነበር፣ ከዚያ አይዋ መጥቶ 51 ለ 14 ቀጣቸው። በ2023 5 ለ 0 ጀምረው 4 በተከታታይ ተሸነፉ። ሴፕቴምበር ላይ ደካማ ቡድኖችን እየረቱ ልባችንን ያሞቁታል፣ ኦክቶበር ሲገባ ነገሩ ይበላሻል። በ2024 እና በ2025 በሊጋቸው በቢግ ቴን ውስጥ ካደረጓቸው 18 ጨዋታዎች ያሸነፉት 2 ነው!

ማይክ ሎክስሊን እንደ ሰው አልጠላውም። የዋሽንግተን ዲሲ ልጅ ነው። ቡድኑን የያዘው በ2018 አንድ ተጫዋች በልምምድ ላይ በሙቀት ተጎድቶ ከሞተና የቀድሞው አሰልጣኝ ከተባረረ በኋላ ነው፣ ማንም በማይመኘው ሰዓት። ከ2021 እስከ 2023 በየዓመቱ የቦል ጨዋታ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ የሚደረግ የክብር ጨዋታ) አሸንፎልናል። ምስጋና ይገባዋል፣ ጨርሻለሁ። በ2024 መልበሻ ክፍሉን አጥቼው ነበር ብሎ ራሱ በአደባባይ ተናግሯል፣ የተጫዋቾች ክፍያ በመጣ ጊዜ የተከፈለውና ያልተከፈለው ልጅ ተቃቅረው። ቅንነቱን ወደድኩለት። ግን በቀጣዩ ዓመት ያገኘነው ውጤት ያው 4 ለ 8 ሆነ እኮ!

የስፖርት ዳይሬክተሩ ጂም ስሚዝ ደግሞ ኖቬምበር ላይ፣ ቡድኑ 6 በተከታታይ ተሸንፎ ሳለ፣ ሎክስሊ ለ2026 ይቀጥላል አለን። ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በዚያው ዓመት አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን ያሰናበተው ከ3 ተከታታይ ሽንፈት በኋላ ነው፣ ያውም ጃንዋሪ ላይ ለብሔራዊ ሻምፒዮናው ግማሽ ፍጻሜ ያደረሰውን ሰው። ውሉ ሳያልቅ ለሚባረር አሰልጣኝ የሚከፈለው የካሳ ገንዘብ ከባድ ነው ይሉናል። እሺ፣ እኛ ፔን ስቴት አይደለንም። ግን ባዶ የስታዲየም ወንበርስ ስንት ያስከፍላል?

አሰልጣኙ ቢሄድ ወጣቱን ኳርተርባክ (ኳሱን የሚወረውረውን ዋና ተጫዋች) ማሊክ ዋሽንግተንን እንዳናጣው ነው የሚሉም አሉ። ይሄ ትንሽ ያሳምነኛል። ትንሽ።

ኢንዲያናን ሳይ ግን ሁሉም ሰበብ ይፈርስብኛል። በ2023 3 ለ 9 የጨረሰ፣ በሽንፈት ብዛት ስሙ የሚነሳ ቡድን ነበር፤ ከኛ የባሰ ማለት ነው። አሰልጣኝ ቀየሩ። ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ መጣ፣ ተጫዋቾቹንም አስከትሎ። በመጀመሪያው ዓመት 11 ለ 2። በሁለተኛው 16 ለ 0፣ የአገሪቱ ሻምፒዮን። በመንገዱ ላይ ኮሌጅ ፓርክ ድረስ መጥቶ 55 ለ 10 ረግጦን ሄደ። ኮሌጅ ፉትቦል ውስጥ ተጫዋቹን የሚመርጠውም፣ የሚያሳምነውም፣ የሚያሰልፈውም አሰልጣኙ ነው፤ እሱን ሳትነካ ሌላ ምኑን ትቀይራለህ?

እና በ2026 ሴፕቴምበር 4 ለ 0 ጀምረው "አየህ፣ ዘንድሮስ ተነሱ" የምትሉኝ ወዳጆቼ፣ ኦክቶበር ሲያልቅ ደውሉልኝ።